ከበዳዳ ግንብ ጀርባ

የዚያ ዓመት ዝናብ በግንቦት አጋማሽ ጀመረ። በሰኔ የተዘራው ገብስ ሳይበቅል በሰበሰ። በሐምሌ መጀመሪያ ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ፣ በእንጦጦ ዳገት ላይ ያለው የእግር መንገድ ሁለት ቦታ ተቆረጠ፤ እንጨት ለቃሚ ሴቶች በደን ውስጥ ዞረው መሄድ ጀመሩ። የሦስት ሰዎች አጥር ወደቀ። አንዲት ጊደር ከበረቷ ጋር ሸለቆ ገባች። በሐምሌ አሥራ አምስት ከላይኛው ሰፈር አንድ ቤት እንዳለ ተንሸራተተ፤ ሰዎቹ ለቅሶ ሄደው ስለነበር ተረፉ። ከዚያ ወዲያ ሰው ጋደም ሲል ጆሮውን ወደ መሬቱ ማድረግ ጀመረ።

ገላው በዚያ ዳገት ላይ ስልሳ ስምንት ዓመት የኖረ ግንበኛ ነው። ጉልበቱ ደክሞ ድንጋይ ማንሳት ከተወ ወዲህ ካራ በሚባለው ሰፈር አንድ ወርክሾፕ ውስጥ የእቶን እሳት ይጠብቃል። ጠዋት ወደ ታክሲ ሲወርድ በጎረቤቱ በበዳዳ ጓሮ ያልፋል። ሌላ መንገድ የለም። የበዳዳ ቤት ከዳገቱ ሥር ተጠግቶ የተሠራ ነው። ከጀርባው ዘጠኝ ሜትር የሚረዝም፣ ከሰው ቁመት ከፍ የሚል የድንጋይ ግንብ ዳገቱን ደግፎ ይዞለታል። በግንቡና በቤቱ መካከል ያለው ሁለት እርምጃ ብቻ ነው።

ያን ግንብ ገላው አልገነባውም። አልተጠራም።

ነገሩ የቆየ ነው። የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት በጥቅምት ነፋስ አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ የገላውን ቤት ለሁለት ከፈለው። በዳዳ በዚያው ዕለት በሬዎቹን ነድቶ መጥቶ ግንዱን ጎተተ፤ ጎረቤት ሰብስቦም ዘጠኝ ቀን ወንፈል ሠራለት። ጣራው ሳይከደን የራሱን ሥራ አልነካም። ወንፈል ደግሞ ስጦታ አይደለም፤ ጉልበት በጉልበት ይመለሳል። በኅዳር የበዳዳ ገብስ ደረሰና "ና" ብሎ ላከበት። ገላው በዚያ ሰሞን ከተማ ውስጥ የፎቅ ሥራ አግኝቶ ነበር። "ነገ" አለ። በማግስቱም "ነገ" አለ። በሦስተኛው ቀን በረዶ ወርዶ የገብሱን ግማሽ ከጭቃ ደባለቀው።

በዳዳ አልተጣላውም። ሰላምታም አልነፈገውም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ለምንም ሥራ ጠርቶት አያውቅም። ለአጨዳም ሆነ ለአጥር ሰው ሲጠራ የገላውን ደጅ አልፎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሰፈሩ ሁሉ ያያል። ገላው ሁለት ጊዜ ሳይጠራ ዶማውን ይዞ ሄዶ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ በዳዳ በትሕትና "ሰው ሞልቶልናል" ብሎ መለሰው።

ግንቡን የገነቡት ሌሎች ናቸው፤ ደኅና አድርገው ነው የገነቡት። ከሥሩ ስምንት የውኃ መውጫ ቀዳዳ ትተውለታል። ጥፋቱ የተሠራው ዓምና፣ የበዳዳ ልጅ ኪያ ስትዳር ነው። ቤቱ ለሠርጉ ሲታደስ ግንቡም አብሮ ይመር ተባለና በሲሚንቶ ተለሰነ፣ ነጭ ቀለምም ተቀባ። ስምንቱም ቀዳዳ ተደፈነ። ገላው በሠርጉ ዕለት ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ይህን አየ። ተነስቶ "ክፈቱት" ማለት ነበረበት። ያልተጠራበትን ሥራ ለመንቀፍ አፍ አጣ። በልቶ፣ መርቆ ወጣ።

በሐምሌ ሃያ ጠዋት ሲያልፍ ነጩ ልስን ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ ስንጥቅ አየ። በማግስቱ ከወርክሾፑ ጣት የምታህል ቀጭን የመስኮት መስታወት ቆርጦ፣ በጣሳ ጄሶ በጥብጦ መጣ። መስታወቷን በስንጥቁ ላይ አጋድሞ ሁለቱን ጫፎቿን በጄሶ ለጠፈ። የቆየ የግንበኛ ዘዴ ነው። ግንብ ሲሄድ በዓይን አይታይም፤ መስታወት ግን ስለማይለጠጥ ግንቡ የጸጉር ያህል ከተነቃነቀ ይሰበራል።

የበዳዳ ሚስት የማርያምወርቅ ከጓዳ ብቅ አለች።

"ምንድን ነው የምትለጥፈው አንተ?"

"ጠባቂ ነው፣ እትዬ የማርያምወርቅ። ይህ ከተሰበረ ቤት ውስጥ አትደሩ።"

"ምን ትላለህ! ቤት ውስጥ አራስ አለችኝ እኮ።"

ገላው ያውቅ ነበር። ኪያ ለመጀመሪያ ልጇ እናቷ ቤት መጥታ ከወለደች አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። የተኛችው ከግንቡ በኩል ባለው ክፍል ነው።

በሃያ ሁለት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ መስታወቷ ለሁለት ተሰብራ ነበር። በዳዳ አራት የባሕር ዛፍ አጠና ከግንቡ ጋር እያስደገፈ ነው። ከገላው በአምስት ዓመት ይበልጣል፤ ግን አሁንም ቀጥ ያለ ነው።

"ጋሽ በዳዳ፣ መስታወቱ ተሰብሯል።"

"አይቻለሁ።"

"ሰዎቹን ያስወጧቸው።"

"አራስ በዚህ ዝናብ ወዴት ነው የማወጣው? ልጁ ክርስትና ሳይነሳ፣ አርባ ቀኑ ሳይሞላ ደጅ አይወጣም። እናቷ በሩ ላይ ቆማለች፤ ከደፈርክ ሄደህ ንገራት።"

"አጠናው አይዘውም።"

"አንተን ማን ጠራህ?"

"ማንም።"

"ታዲያ?"

ገላው ቦርሳውን ከትከሻው አወረደ። መሮና መዶሻ አወጣ፣ ተንበረከከ፣ ከግንቡ ሥር ልስኑን መታ መታ አድርጎ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ቦታ አገኘ። በአራት ምት ሰበረው። ጥቁር ውኃ ተስፈንጥሮ ጉልበቱን አለበሰውና ወዲያው ቀነሰ። ቀጥሎ የወጣው ጭቃ ነው፤ እንደ ገንፎ ተንሸራትቶ ቀዳዳውን መልሶ ደፈነው።

በዳዳ ያንን ጭቃ ቆሞ አየ። የያዘውን አጠና ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

"ምን ይሻላል?" አለ።

በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ገላውን አንድ ነገር ሲጠይቀው ይህ የመጀመሪያው ነው።

"ግንቡን የሚገፋው ይህ ጭቃ ነው። ከላይ ቆፍረን ከጀርባው እናወጣዋለን። በቦታው ውኃ የሚያሳልፍ ቀላል ጠጠር እንሞላለን። ከዚያ ቀዳዳዎቹን እንከፍታለን።"

"ጠጠሩ በምን ይወጣል? መኪና ከታች ነው የሚቆመው። በዚህ ጭቃ አህያ ድንጋይ ተሸክማ አትወጣም።"

"እኔ የማመጣው ጠጠር አይከብድም።"

"ከምን ቢሠራ ነው?"

"ከጠርሙስ።"

በዳዳ ከእግር እስከ ራሱ ተመለከተው። "አረጀህ ገላው" አለ።

"አርጅቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ፤ የኪያን አልጋ ወደ በሩ ክፍል ያውጡት። ከቤት አትወጣም፤ ከግንቡ ግን ትራቅ።"

ገላው ካራ ሲደርስ ረፍዷል። የወርክሾፑ ባለቤት ሶሬቲ የምትባል የሠላሳ አንድ ዓመት መሐንዲስ ናት። ቆራሌው ከየሰፈሩ የሚሰበስበውን ጠርሙስና የተሰበረ መስኮት ትገዛለች። ወፍጮው እንደ ዱቄት ያደቀዋል፤ ከኖራ ድንጋይ ዱቄት ጋር ተደባልቆ በብረት ፎርማ እቶን ይገባል። ስምንት መቶ ዲግሪ ላይ ሲደርስ መስታወቱ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፤ በውስጡ እልፍ አረፋ ይይዛል። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ በዝግታ መቀዝቀዝ አለበት። እንዲህ የቀዘቀዘው በመጋዝ የሚቆረጥ ብሎክ ይሆናል፤ ሙቀትና ብርድ አያሳልፍም፣ እሳት አይበላውም፣ አይጥም አይደፍረውም። ትኩስ ሳለ ንፋስ ካገኘው ግን ተሰነጣጥቆ ስብርባሪ ይሆናል። እንዲህ የተበላሸው ሁሉ ጓሮ ተከምሯል።

"ጋሽ ገላው፣ ደኅና ነዎት? አርፍደው አያውቁም እኮ።"

"ከጓሮ ያለውን ስብርባሪ ስጪኝ።"

"ምን ሊያደርጉት?"

"ከግንብ ጀርባ ልሞላው።"

ሶሬቲ ሳቀች። "ሁለት ዓመት ሙሉ ኮንትራክተሩን ሁሉ 'ለዚህ ይሆናል፣ ውሰዱ' እያልኩ ስለምን ኖርኩ። አንድ ሰው አልሰማኝም። እርስዎ ነዎት የመጀመሪያው ደንበኛዬ?" ወዲያው ፊቱን አይታ ሳቋን ተወች። "ምን ያህል ይፈልጋሉ?"

"አምስት ሜትር ኩብ ተኩል።"

"ስድስት አለ። ግን ሲረገጥ—"

"አርባ ዓመት ለክቻለሁ ልጄ። መለካቱን ለእኔ ተዪው።"

ተወችለት። "እሺ ይውሰዱ። እቶኑን እኔ እጠብቃለሁ። ለቀዝቃዛ መጋዘን ሰኞ የማስረክበው ብሎክ ነው ያለበት፤ ትናንት ነው እሳቱ የጠፋው፣ እስከ እሑድ በሩ አይነካም። የቀዝቃዛ መጋዘኑ ሥራ ካመለጠኝ ይህን ቤት እዘጋዋለሁ። ያውቃሉ አይደል?"

"አውቃለሁ።"

ፉፋ የሚባለው የአይሱዙ ሹፌር ስብርባሪውን በስልሳ የማዳበሪያ ከረጢት ጫነ። የመጀመሪያውን ማዳበሪያ ከባድ መስሎት ባለ በሌለ ኃይሉ ቢያነሳው በራሱ ላይ አልፎ ሊሄድ ነበር።

"ፋዘር! ምንድን ነው ይሄ፣ አየር ነው እንዴ የምታስጭኑኝ?"

"ጫን።"

"አይ፣ እጭናለሁ። ትራፊክ ካስቆመኝ ግን 'ምን ጫንክ' ሲለኝ 'ትንፋሽ' ነው የምለው።"

ሲግናል የሚባለው ሰፈር ጋ ጎርፍ መንገዱን ይዞት ግማሽ ሰዓት ቆሙ። ገላው ፊቱን ወደ እንጦጦ አዙሮ ተቀመጠ። ጋራው ላይ ደመና ተኝቷል፤ ገና አልዘነበም።

መኪና ከሚቆምበት በላይ ያለውን ዳገት ማዳበሪያዎቹን ያወጡት እንጨት ለቃሚ ሴቶች ናቸው። በዳዳ ጠርቷቸዋል፤ እሱ ሲጠራ የሚቀር የለም። ግማሽ ኩንታል እንጨት የለመደ ጀርባ ነው። አንዷ አራት ማዳበሪያ በአንድ ላይ አስራ ተሸከመችና ወደ ኋላዋ ዞር ብላ፣

"ኧረ አልተጫነልኝም! እኔ ሴትዮ ሸክም የለኝም እንዴ?" አለች።

"ዝም ብለሽ ሂጂ፤ እኛም በእርጅና አንድ ቀን ይመቸን" አለቻት ጓደኛዋ።

ገላው ከግንቡ ጀርባ የሚቆፈረውን ከላይ ለሦስት ከፈለው። ዘጠኙን ሜትር በአንድ ጊዜ መክፈት ግንቡን መጣል ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች፣ መጨረሻ ስንጥቁ ያለበትን መሃል። በዳዳና ሦስት ጎረቤቶች ቆፈሩ። ጭቃው ከአካፋ አልላቀቅ እያለ በእጅ ይወጣ ነበር። ጭቃ ተመልሶ እንዳይገባ ጉድጓዱን በተተረተረ ማዳበሪያ አለበሱት፤ ከዚያ ጠጠሩን እያፈሰሱ ረገጡ። ግራጫ ነው፣ እንደ ሰፍነግ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ ሲረገጥ እርስ በርሱ ይያያዛል። አንዱ ጎረቤት አንዲት ቁራጭ ኩሬ ውስጥ ጣለ፤ ተንሳፈፈች።

"ድንጋይ ሲንሳፈፍ ካየሁ ከእንግዲህ ምንም አይገርመኝም" አለ።

ቀኝ ጫፉ ሞላ። ግራ ጫፉም ሞላ። ከቀትር በኋላ መሃሉን ከፈቱ። ጭቃውን አውጥተው ሲጨርሱ ገላው የቀሩትን ማዳበሪያዎች ዞሮ አየ። ስምንት ናቸው።

እንደገና አያቸው። ስምንት።

ያን ጊዜ ገባው። የለካው እንደ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ቢረግጡት ያው ነው። ይህ ግን ሲረገጥ ሩቡን ያህል ይወርዳል። ሶሬቲ ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር፤ ያስዘጋት እሱ ነው።

"ይበቃል?" አለ በዳዳ ከጉድጓዱ ውስጥ።

"አይበቃም።"

"ምን ያህል ይጎድላል?"

"ከግማሽ በላይ።"

ከላይ ደመናው ወደ ታች መውረድ ጀምሯል። ገላው ነገሩን በራሱ ውስጥ አዟዟረው። ጭቃውን መልሶ መጣል ያው የጥንቱን መግፊያ መመለስ ነው። ክፍት መተው ደግሞ የባሰ ነው፤ ዝናብ ከመጣ ጉድጓዱ ገንዳ ይሆናል፣ ውኃውም ግንቡን በቀጥታ ይገፋዋል። ባይነካው ኖሮ ምናልባት ዛሬን ያድር ነበር። አሁን እሱ ራሱ ከፍቶታል፤ ከግንቡ ማዶ ደግሞ አራስ አለች።

ስልኩን አወጣ። እጁ በጭቃ ስለተለወሰ ሳይሄድ ሲረዳቸው የዋለው ፉፋ ደወለለትና ጆሮው ላይ ያዘለት።

"ሶሬቲ፣ ተሳስቻለሁ።"

"ምን ሆነ?"

"ጠጠሩ ወረደ፣ አልበቃም። ግንቡ መሃሉ ተከፍቷል። ዝናብ እየመጣ ነው።"

"ጋሽ ገላው፣ ሌላ የለኝም። ጓሮው ተጠርጓል።"

"እቶን ውስጥ አለ።"

"እቶን ውስጥ ያለው ብሎክ ነው።"

"አሁን ብትከፍቺው ጠጠር ይሆናል።"

"ይሆናል! ሁሉም ይፈነዳል! ሰኞ ለሰዎቹ ምን እላለሁ?"

"ሽማግሌው አበላሸብኝ በይ። ውሸት አይደለም።"

"ሰዎቹን ከቤት ማስወጣት አይቻልም?"

"አራስ ናት። አልወጣ ብለዋል።"

"የማን ቤት ነው? ዘመድዎ ናቸው?"

"አይደሉም። ዕዳ አለብኝ።"

"የምን ዕዳ? ብር ከሆነ—"

"ብር አይደለም። ወንፈል ነው። ሠርተውልኝ አልመለስኩም። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው።"

ገላው ከዚህ በላይ አልጨመረም። መለመን አያውቅም፤ ቢያውቅም የሰው እንጀራ ላይ ቆሞ አይለምንም። በስልኩ ውስጥ የእግሯ ኮቴ ይሰማዋል። ብረት ተንቋቋ። የእቶኑ በር መቀርቀሪያ ነው፤ ድምፁን ያውቀዋል። ከዚያ አንድ ቀጭን ጣ የሚል ድምፅ፤ ቀጥሎ ሌላ፤ ቀጥሎ ምጣድ ላይ እንደፈሰሰ ፈንዲሻ ሁሉም በአንድነት ተንጣጣ። ለረጅም ጊዜ ተንጣጣ። የሶሬቲ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

"ፉፋን ይላኩልኝ" አለችና ስልኩን ዘጋች።

ፉፋ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደ። ከሄደ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዝናቡ መጣ።

በጉድጓዱ ላይ ሸራ ዘረጉ። ያሉትን ስምንት ማዳበሪያዎች ከታች አፍስሰው ረገጡ። ገላው ሌላ መስታወት ቆርጦ በስንጥቁ ላይ ለጠፈና የማርያምወርቅን ከመስታወቷ ፊት አቆማት።

"ዓይንዎን አያንሱ። ደኅና ከሆነች 'አለች' ይበሉ። ከተሰበረች ይጩኹ፣ ከዚያ ወደ ግቢው ይሩጡ።"

ውኃው ሸራውን አልፎ ከዳገቱ ጎን ይገባ ነበር። ሦስቱ ጎረቤቶች ከላይ ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ሊቆፍሩ ሄዱ። ጉድጓዱ ውስጥ ሁለቱ ሽማግሌዎች ቀሩ። ጠባብ ነው፤ ትከሻ ለትከሻ ይጋጫሉ። በባልዲ እየቀዱ ያፈሳሉ።

"አለች!" ትላለች የማርያምወርቅ ከማዶ።

ይቀዳሉ።

"አለች!"

በዳዳ ድንገት፣ "የዚያን ኅዳር ለምን አልመጣህም?" አለ።

"ደሞዝ ነበር።"

"እሱን አውቃለሁ።"

"ሌላ ምክንያት የለኝም።"

በዳዳ ሁለት ባልዲ አፈሰሰ። "ታምሜ ነበር ብትለኝ ኖሮ ከዚህ ጉድጓድ አስወጣህ ነበር" አለ።

"ሌላም አለ። ልስኑን በሠርጉ ቀን አይቻለሁ። ቀዳዳዎቹ መደፈናቸውን አይቼ ዝም አልኩ።"

የበዳዳ ባልዲ ባለበት ቆመ። ዝናቡ ሸራው ላይ ይደበድባል። ገላው ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም።

"በእሱ ደግሞ ሌላ ቀን እንጣላለን" አለ በዳዳ። "አሁን ቅዳ።"

ቀዱ። ገላው ከትንሽ ቆይታ በኋላ አንድ ነገር እንደጎደለ ተሰማው። ከማዶ ድምፅ የለም።

"እትዬ!"

መልስ የለም።

"እትዬ የማርያምወርቅ!"

በዳዳ ባልዲውን ጥሎ ሊወጣ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። እግሩ ተንሸራተተና ገላው ላይ ወደቀ። ሁለቱም ጭቃ ውስጥ ተቀመጡ።

"አለች! አለች!" አለች ከማዶ። "ልጁ አልቅሶ ገብቼ ነው!"

"ሴትዮ፣ ልትገድይን ነው?" አለ በዳዳ። በዳዳ ሲስቅ ገላው ሰማው። ለአንድ አፍታ ብቻ ነው።

ሶሬቲ የደረሰችው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ቦቲ ጫማ አድርጋ፣ ፊቷን አጥቁራ፣ ራሷ አንድ ጆንያ ተሸክማ ወጣች። ከኋላዋ ሴቶቹ ተሰልፈዋል። ማዳበሪያ እንዳይቀልጥ በጆንያ ነው የሞላችው፤ ጠጠሩ ገና አልቀዘቀዘም። በዝናቡ ውስጥ ከየሰዉ ጀርባ እንፋሎት ይወጣል።

"ትልልቁን እየሰበራችሁ!" አለች ለሰላምታ ሳትቆም። "ቁመቱ አንድ ስንዝር ሲደርስ ርገጡ፣ ከዚያ ሌላ። አንድ ላይ እንዳታፈሱት!"

"ተሰበረች!" ብላ የማርያምወርቅ ጮኸች።

ሁሉም ባለበት ቀጥ አለ። ከግንቡ ውስጥ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲያፋጭ ተሰማ፤ አጭር፣ ደረቅ ድምፅ ነው። ገላው በጀርባው ግንቡን ተደግፎ ስለነበር በአጥንቱ ሰማው።

"ውጡ!" አለ። "ጋሽ በዳዳ፣ ይውጡ።"

"አንተስ?"

"የሚረግጥ ሰው ያስፈልጋል።"

"እንግዲያው ሁለት ሰው ይርገጥ" አለ በዳዳና ወደ ላይ ጮኸ፦ "አፍስሱ!"

ጆንያዎቹ እየተቀባበሉ መጡ። ሞቅ ያለው ጠጠር በእግራቸው ላይ ፈሰሰ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ረገጡት። እስከ ጉልበት፣ ረገጡ። እስከ ጭን፣ ረገጡ። የሚሰማው ሶሬቲ "ቀጥሉ፣ ቀጥሉ" ስትል ብቻ ነው። የመጨረሻው ጆንያ ሲፈስ ሁለቱም ከግንቡ አናት እኩል ቆመው ነበር።

አልተጨረሰም። ውኃው መውጫ ያሻዋል። ገላው መሮውን ይዞ በግንቡና በቤቱ መካከል ወዳለችው ሁለት እርምጃ ገባ። ግንቡ ቢሄድ ከዚያ የሚወጣ ሰው የለም። ተንበርክኮ መታ። የመጀመሪያው ቀዳዳ ተከፈተ፤ ጭቃ ያዘለ ውኃ ወጣ፣ ቀጠለ፣ አልተደፈነም። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ጠዋት ጭቃ የደፈነውንም መልሶ ጠረገ። ከስምንተኛው ሲደርስ ውኃው ከሁሉም እየፈሰሰ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ደርሷል። ከወዲያኛው፣ ከበሩ ክፍል የሕፃኑ ድምፅ ይሰማዋል።

ሦስተኛ መስታወት ለጠፈ። ከዚያ ራቅ ብሎ ቆሞ ጠበቀ። ሰዉም አብሮት ጠበቀ። ዝናቡ አላቆመም፤ እንዲያውም ጨመረ። ውኃው መጀመሪያ ጥቁር ነበረ፣ ከዚያ ቡና መሰለ፣ ከዚያ ጠራ። መስታወቷ አልተነካችም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ገላው ቀረብ ብሎ በጥፍሩ ነካት።

"ይዟል" አለ።

ሶሬቲ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ቀዳዳዎቹን ትመለከታለች። "ቢያንስ መሥራቱን አየሁ" አለች። ከዚያ እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። "ሰኞ..."

በዳዳ ሰማት። "ይህች ልጅ የስንት ቀን ሥራ ነው የጠፋባት?" ብሎ ገላውን ጠየቀ።

"ጠርሙስ ለቀማው፣ ማጠቡ፣ መፍጨቱ፣ እሳቱ... ሳምንት።"

"ከእሳቱ በፊት ያለውን እጅ ይሠራዋል?"

"ይሠራዋል።"

በዳዳ ወደ ጎረቤቶቹና ወደ ሴቶቹ ዞረ። "ነገ ካራ እንወርዳለን። እስክትጨርስ እንሠራላታለን።" ማንም አልተቃወመም። ከሴቶቹ አንዷ "ጠርሙሱ ባዶ ነው ወይስ ውስጡ አንዳንድ ነገር አለ?" አለች፤ ሰው ሳቀ። ሶሬቲ ስልኳን አውጥታ "ለሰዎቹ እስከ ሐሙስ እንዲታገሡኝ ልንገራቸው። እሺ ካሉ" አለችና ወደ ጥግ ሄደች። ከጥግ ሆና ስታወራ፣ ስታስረዳ፣ ዝም ስትል ያዩዋታል። ተመልሳ መጣች። "እስከ ረቡዕ ብለዋል። ረቡዕ ጠዋት።"

"እሺ፣ ረቡዕ" አለ በዳዳ።

ከዚያ ወደ ገላው መጣ። ሁለቱም ከራስ እስከ እግር ጭቃ ናቸው። በዳዳ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ የወንፈል ነገር በሰው ፊት ነው የሚዘጋው።

"ጎረቤቶች፣ ስሙኝ። ገላው የሠራሁለትን መልሶልኛል። ከዛሬ ጀምሮ የለበትም።"

"ዘጠኝ ቀን ነበር" አለ ገላው። "ይህ አንድ ቀን ነው።"

"እኔ ነኝ የሠራሁት፣ እኔ ነኝ የማውቀው" አለ በዳዳ። "የለብህም።"

ገላው ራሱን ዝቅ አደረገ። በዳዳ ጭቃ የያዘ እጁን ትከሻው ላይ ጫነበትና አብረው ወደ ቤቱ ገቡ።